ቀን ደህና ውሎ ማታ ልብ ሲመታ

እህቴ፣ «ቀን ሥራ ላይ ምንም አይለኝም፤ ማታ ጋደም ስል ግን ልቤ ይመታል፣ ጠዋት ደግሞ መንጋጋዬን ያመኛል፤ በሽታ ነው ጭንቀት?» ብለሽ ጠይቀሻል። የጭንቀት ነገር ይመስላል። ቢሆንም መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ደም ግፊትሽን ተለኪ፣ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ምርመራም ጠይቂ፤ ሁለቱም ልብ ያስመታሉ። ደረትሽን ጫን የሚል ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም ራስ መሳት ካለ ግን ሳታድሪ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

«ቀን ምንም አይለኝም» ያልሽው ነው እኔን ያሳሰበኝ። ሥራ ላይ ሐሳብሽ ስለሚያዝ ሰውነትሽን አታዳምጪውም እንጂ ምልክቱ ቀንም አለ። እስቲ አሁን ይህን እያነበብሽ ጥርሶችሽን ልብ በያቸው። ሳታኝኪ ላይኛውና ታችኛው ከተነካኩ መንጋጋሽ እየሠራ ነው፤ ከንፈር ገጥሞም ቢሆን ጥርስ መራራቅ አለበት። ትከሻሽስ ወደ ጆሮሽ አልተሰበሰበም? ትንፋሽሽስ ደረትሽ ላይ አልቀረም? ስልክሽ በየ2 ሰዓቱ እንዲጠራ አድርጊና ጥርስ፣ ትከሻ፣ ትንፋሽ እያልሽ ፈትሺ።

ሰውነትሽን ተወጥሮ ካገኘሽው ትከሻሽን ወደ ላይ ሰብስበሽ 5 ሰከንድ ያዢና ድንገት ልቀቂው። ከዚያ በአፍንጫሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ አስገቢ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ፤ ለ3 ደቂቃ ያህል። አየር ስናስወጣ የልብ ምት ዝግ ስለሚል የሚወጣው ከሚገባው ይርዘም። ብዙ ሰው «በደንብ ልተንፍስ» ብሎ በኃይል ቶሎ ቶሎ ይስባል፤ ያኔ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወርድና ራስ ያዞራል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ ጭንቀቱም ይብሳል። ልብሽ ሲመታ ብቻ አትሞክሪው፤ ያልለመድሽው ነገር በዚያ ሰዓት አይሆንልሽም። ቀን፣ ደህና ሆነሽ ሳለ ተለማመጂው።

ቡናን በተመለከተ፣ የካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ሰው ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና አብሮት ነው። ከ7 ሰዓት በኋላ አትጠጪ፤ ጎረቤት ለቡና ሲጠራሽ ግን ባትጠጪም ሂጂ፣ ጨዋታው ራሱ ጭንቀት ያቀልላል። በአንዴ ማቆም ራስ ምታት ስለሚያመጣ በየጥቂት ቀኑ አንድ አንድ ስኒ ቀንሺ።

ማታ አልጋ ላይ የሚመጣብሽን ሐሳብ ደግሞ ቀድመሽ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ለ15 ደቂቃ ወረቀት ላይ አውጪው፤ በየጎኑም መጀመሪያ የምታደርጊውንና ቀኑን ጻፊ። «የቤት ኪራይ» ብለሽ አትተዪው፣ «ሐሙስ አከራዩን አነጋግራለሁ» በይ። ተኝተሽ 20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ ካልወሰደሽ ተነሺ፤ ደብዘዝ ያለ መብራት ጋ ተቀመጪና ሲያንጎላጅሽ ተመለሺ። ሰዓት አትዪ፣ ስልክም አትንኪ።

የመንጋጋው ሕመም በጥቂት ሳምንት ካልቀነሰ ጥርስ ሐኪም ይየው፤ ሌሊት ጥርስ ለሚያፋጩ ሰዎች የሚሠራ መከላከያ አለ። ከ2 ሳምንት በላይ ነገር ሁሉ ካስጠላሽ፣ ወይም መኖር የማያሰኝ ሐሳብ ከመጣብሽ፣ እባክሽ ብቻሽን አትያዢው፤ ለምታምኚው ሰው ንገሪና አብራችሁ የአእምሮ ሐኪም ጋ ሂዱ።