ማን አመጣቸው? የጤና ድረ ገጽ ለያዛችሁ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት በጤና ትምህርት ሥራ ነው። ስጀምር በእጃችን የነበረው ፖስተር፣ በራሪ ወረቀትና ሬዲዮ ነበር። ስንት ሰው ዘንድ እንደ ደረስን የምናውቅበት መንገድ ስላልነበረን፣ የታተመውን ወረቀት ብዛት የተማረው ሰው ብዛት አድርገን እንጽፍ ነበር፤ እሽጉ ሳይፈታ መጋዘን ውስጥ አቧራ እየጠጣ ሳለ። ዛሬ እናንተ አንድ ሰው ገጻችሁን ሲከፍት ሰዓቱን፣ የመጣበትን በርና ያነበበውን ታያላችሁ። በዚህ ከልቤ እደሰታለሁ። የምሰጋውም በዚሁ ነው፤ ቁጥሩ በየደቂቃው ስለሚታይ ብቻ እውነቱን የያዝን ይመስለናል።

ስጋቴ ከየት እንደ መጣ ልንገራችሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት ስለ ሳንባ ነቀርሳ፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ትምባሆ የሚያስተምር ድረ ገጽ ነበረን። አድራሻውን በፖስተር አሳትመን በየጤና ጣቢያው ለጠፍን። በዚያው ወር አንዲት ወጣት ባልደረባዬ እየሮጠች መጥታ «ጋሼ፣ ጎብኚው እጥፍ ሆኗል!» አለችኝ። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፖስተሩ ሠርቷል ብዬ ጻፍኩ፤ በዚያ ሪፖርት ምክንያት ለሬዲዮ የተያዘው በጀት ወደ ፖስተር ዞረ። ከወራት በኋላ ያቺው ልጅ መዝገቡን ቀን በቀን ዘርዝራ ስታየው ጭማሪው ከሞላ ጎደል በአምስት ቀን ውስጥ፣ ያውም በሥራ ሰዓት ብቻ የተመዘገበ ሆኖ አገኘችው። በዚያ ሳምንት ለጤና ባለሙያዎች ሥልጠና እየሰጠን ነበር። አሠልጣኙ በየክፍለ ጊዜው «ድረ ገጹን ክፈቱ» ይላቸው ነበር። እጥፍ ሆነ ያልነው ጎብኚ የራሳችን ሠልጣኝ ነበር። የሬዲዮውን ሰዓት ግን መልሰን አላገኘነውም፤ ሌላ ወስዶታል። በሬዲዮ ብቻ ልናገኛቸው እንችል የነበሩ ሰዎች ነበሩ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ለአንድ ጥያቄ ስል ነው። «ስንት ሰው መጣ?» ከማለታችሁ በፊት «ማስታወቂያው ባይኖር ኖሮ ስንት ይመጣ ነበር?» በሉ።

ይህን ጥያቄ በቁም ነገር የያዙ ሰዎችን ሥራ ደጋግሜ አነባለሁ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል (ሲዲሲ) እ.ኤ.አ. ማርች 19 ቀን 2012 የቀድሞ አጫሾች ለሚያጨሱ ሰዎች ምክር የሚሰጡበትን ዘመቻ ጀመረ። የአገሪቱ ፌዴራል መንግሥት የአየር ሰዓት እየገዛ ያካሄደው የመጀመሪያው አገር አቀፍ የፀረ ትምባሆ ዘመቻ ነበር፤ 12 ሳምንት ዘለቀ፣ 54 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣበት። በማስታወቂያው የታዩት ተዋንያን አይደሉም። ቴሪ ሆል የምትባል የሰሜን ካሮላይና ሴት ጠዋት ከቤት ለመውጣት እንዴት እንደምትዘጋጅ አሳየች፤ ሰው ሠራሽ ጥርሷን አደረገች፣ ዊጓን አጠለቀች፣ ከካንሰር ሕክምናው በኋላ አንገቷ ላይ የቀረውን ቀዳዳ በሻርፕ ሸፈነች። በዓመቱ፣ በ2013፣ ያው ካንሰር ገደላት።

ሕዝቡ ከማስታወቂያው በኋላ የሚሄድበት ቦታም ተዘጋጅቶለት ነበር፤ የነጻ ስልክ መስመርና ማጨስ ለማቆም የሚረዳ ድረ ገጽ። ተመራማሪዎቹ ያደረጉት ነገር እናንተም በኤክሴል የምትሠሩት ነው። የዘመቻውን ሳምንታት ከቀደመው ዓመት ተመሳሳይ ሳምንታት ጋር አስተያዩ። የስልክ ጥሪው በ132 በመቶ ጨምሯል፤ በቁጥር 207,519 ተጨማሪ ጥሪ ነው። የድረ ገጹ ጎብኚ፣ ደጋግሞ የመጣውን አንዴ ብቻ ቆጥረው፣ በ428 በመቶ አድጓል፤ 510,571 ተጨማሪ ጎብኚ። «ተጨማሪ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ጠቅላላውን ቁጥር የዘመቻው ፍሬ ነው አላሉም። ያለ ዘመቻውም ይመጣ የነበረውን ሰው ቀንሰው የቀረውን ብቻ ነው ለራሳቸው የቆጠሩት።

እኔን ይበልጥ ያስተማረኝ ግን የቀጣዩ ዓመት ነው። በ2013 ዘመቻው ሲደገም ማስታወቂያው መካከል ላይ ለአንድ ሳምንት ከአየር ወረደ። በዚያ ሳምንት ጥሪውም ጎብኚውም ወዲያው አሽቆለቆለ። ማስታወቂያው ሲኖር የሚመጣ፣ ሲጠፋ የሚቀር ሰው ማስታወቂያው ያመጣው ሰው ነው። ከዚህ የበለጠ ጥርት ያለ ማስረጃ በአነስተኛ በጀት የምታገኙ አይመስለኝም። ስለዚህ ዘመቻ ስታቅዱ ዝም የምትሉበትን ሳምንት አብራችሁ አቅዱ። አለቆቻችሁ «ለምን እናቋርጣለን? ገንዘቡ እኮ አለ» ይሏችኋል። የምታቋርጡት ለማወቅ እንደሆነ በእቅዱ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉት። ከመጀመራችሁ በፊትም ቢያንስ ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ምንም ሳትነኩ ቁጥሩን ብቻ መዝግቡ። ያ መነሻ ከሌለ በኋላ የምታወዳድሩበት ነገር አይኖርም።

ሌላ አገር ያለ ባለሙያ «አንዱ ከተማ ላይ አስተዋውቅ፣ ሌላውን ተወው፣ ከዚያ አነጻጽር» ሊላችሁ ይችላል። መልካም ዘዴ ነው። እኛ ዘንድ ግን በሞባይል ኢንተርኔት የገባ ሰው ሐዋሳም ይሁን ባሕር ዳር መለኪያው፣ ማለትም የድረ ገጹን ጎብኚ የሚቆጥረው ፕሮግራም፣ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ብሎ ይመዘግበዋል። ስለዚህ ቦታን ከቦታ ሳይሆን ሳምንትን ከሳምንት ማወዳደር ይሻላችኋል።

ሳምንት ያልኩት በምክንያት ነው። መለኪያው የፈረንጅ ወር ይቆጥራል፤ የእኛ ሪፖርት በጥቅምትና በኅዳር ነው። ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11 ወይም 12 ላይ ስለሚውል «የኦክቶበርን» ቁጥር ወስዶ «የጥቅምት» ብሎ የጻፈ ሰው ወሩን በሲሶ ስቶታል። ሰዓቱ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የሬዲዮ ጣቢያው ደረሰኝ ስፖቱ፣ አጭሩ የሬዲዮ ማስታወቂያ፣ «ማታ 2፡30» እንደ ተላለፈ ይናገራል። መለኪያው በአዲስ አበባ ሰዓት ከተሞላ ያንን 20፡30 ይለዋል፤ በግሪንዊች ሰዓት ከሆነ 17፡30። አንድ ጎበዝ ልጅ ሁለት ቀን ሙሉ መለኪያው 02፡30 የሚለውን፣ በእኛ ከሌሊቱ 8፡30 የሆነውን፣ ሲመረምር አይቼ፣ ከዚያ ወዲህ አዲስ ድረ ገጽ በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው የሰዓት ቀጠናውን ነው።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ደብተር ነው። የእናንተን ሥራ ብቻ ሳይሆን በአገሩ የሆነውን ሁሉ በቀኑ ጻፉበት። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር ሰው ሁሉ የጤና መረጃ ፍለጋ ወጣ፤ ያን ሰሞን ባነር የሰቀለ መሥሪያ ቤት ባነሩ ሠራልኝ ቢል የፍርሃትን ሥራ ለራሱ መቁጠሩ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠና ለሳምንታት ቆየ፤ የዚያ ጊዜ ዘመቻ ሞተ ተብሎ ሊፈረድበት አይገባም። ግንቦት 23 የዓለም ትምባሆ የማይጨስበት ቀን ስለሆነ ሚዲያው ሁሉ ስለ ትምባሆ ያወራል፤ የእናንተን ድምፅ ለይታችሁ መስማት ከፈለጋችሁ ዘመቻችሁን በዚያ ቀን አትጀምሩ። ፋሲካና ረመዳን በየዓመቱ ስለሚዘዋወሩ ካለፈው ዓመት ጋር ስታወዳድሩ በዓል ያለበትን ሳምንት ከሌለበት ጋር እንዳታጋጥሙ። የራሳችሁን ሥልጠናና ስብሰባም ጻፉ። እኔ ያን ጊዜ ያልጻፍኩት እሱን ነበር።

አሁን ወደ በሮቹ ልምጣ። ለምታሰራጩት ለእያንዳንዱ ሊንክ መለያ አድርጉለት፤ ዩቲኤም የሚባለውን። ከአድራሻው ኋላ፣ ከጥያቄ ምልክቱ ቀጥሎ፣ ከየት እንደ መጣና የየትኛው ዘመቻ እንደሆነ የሚናገሩ አጫጭር ቃላት ናቸው። ለቴሌግራም ቻናሉ አንድ፣ ለፌስቡኩ ሌላ፣ ፖስተሩ ላይ ላለው ኪውአር ኮድ ሌላ። አጻጻፋችሁ አንድ ዓይነት ይሁን፤ አንዱ በትልቁ ሌላው በትንሹ የላቲን ፊደል ከጻፈው መለኪያው ሁለት ቦታ አድርጎ ይቆጥረዋል። መለያ የሌለው የቴሌግራም ሊንክ ሲነካ ሰውየው ከየት እንደ መጣ ምልክት ስለማይተው «ቀጥታ የገባ» በሚለው ክምር ውስጥ ይወድቃል። እኛ አገር ደግሞ ሰው መረጃ የሚቀባበለው በቴሌግራም ነው። ያ ክምር ሲያብጥ «ሕዝቡ አድራሻችንን በቃሉ ያዘ» ብለው የሚደሰቱ አጋጥመውኛል። ድረ ገጹ በተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ፣ መዝገብ ለምትቆጥሩም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሊንኩን ቻናል ላይ ስትለጥፉ፣ ከሥሩ የሚታየውን ምስልና ርዕስ ለማዘጋጀት የቴሌግራም ማሽን ራሱ ገጹን ይከፍታል። እሱን ሰው ብላችሁ አትቁጠሩት።

ሬዲዮ ከሁሉም ይከብዳል፤ የሚገባውን ምስጋና የማያገኘውም እሱ ነው። አድማጭ የሚነካው ሊንክ የለውም። አድራሻውን በአየር ላይ ብትነግሩት እንኳ «ጤና» የምትለዋን ቃል በላቲን ፊደል አምስት ሰው በአምስት ዓይነት ይጽፋታል። ስለዚህ አብዛኛው የሰማውን ይዞ ጎግል ላይ ይፈልጋል፤ በመለኪያችሁ ላይም «ከፍለጋ የመጣ» ተብሎ ይመዘገባል። ሬዲዮ ያመጣውን እንግዳ ጎግል አመጣው ማለት ነው። የምመክራችሁ በስፖቱ ውስጥ ሌላ ቦታ የማትገኝ አንዲት አጭር የአማርኛ ሐረግ እንድትተክሉ ነው። ሰዎች ያችን ሐረግ ጽፈው ሲፈልጉ ገጻችሁ ከወጣላቸው፣ ሰርች ኮንሶል የተባለው የጎግል መሣሪያ ሊያሳያችሁ ይችላል። በተረፈ ስፖቱ በተላለፈ በአንድ ሰዓት ውስጥ የገባውን ቁጥር ስፖት ካልነበረበት ቀን ተመሳሳይ ሰዓት ጋር አስተያዩ። ከዚህ ሁሉ ጋር «ስለዚህ ገጽ ከየት ሰሙ?» የምትል ጥያቄ ገጹ ግርጌ ላይ ብታስቀምጡ አይከፋም፤ ጥቂት ሰው ነው የሚመልሳት፣ ግን ከመዝገቡ ጋር ስትጋጭ የት ጋ እንደተሳሳታችሁ ትጠቁማለች።

«ጎብኚ» የሚለው ቃልም ያው ስልክ ነው፤ በአንድ ስልክ ቤተሰቡ ሁሉ ሊያነብ ይችላል፣ አንድ ሰውም በሁለት ስልክ ሊገባ ይችላል። ይህን በሪፖርቱ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡትና እለፉ።

ስለ ምስጢር ግን እንዲሁ አላልፍም። ገጻችሁን የሚከፍተው ሰው ስለ ኤችአይቪ ምርመራ፣ ስለ ፅንስ ማቋረጥ፣ ስለ አእምሮ ሕመም ለማንም ያልተናገረውን ነገር እያነበበ ነው። በነጻ የምትተክሉት የመለኪያ ኮድ ያነበበውን ለማስታወቂያ ድርጅቶች ሊያሳልፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጉድአርኤክስ የተባለውን የመድኃኒት ዋጋ ድርጅት የተጠቃሚዎቹን የጤና መረጃ ለፌስቡክና ለጎግል አሳልፏል ብሎ ከሶት፣ ድርጅቱ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። እኛ ዘንድ ሰው የሚጎዳው በገንዘብ ብቻ አይደለም። ማስታወቂያችሁ ምን ያህል እንደ ሠራ ለማወቅ የእያንዳንዱን ሰው ማንነት ማወቅ አያስፈልጋችሁም፤ የሳምንቱ ድምር ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚሰበስብ ኮድ ካለ ንቀሉት።

የአሜሪካኖቹ ሥራ በጎብኚ ቁጥር ላይ አለማቆሙንም ላሳያችሁ። ከዘመቻው በፊትና በኋላ አጫሾችን ራሳቸውን ጠየቁ፤ ከዚያ ተነሥተው 1.6 ሚሊዮን ገደማ አጫሾች በዘመቻው ምክንያት ለማቆም እንደ ሞከሩ፣ ቢያንስ 100,000 ያህሉም አቁመው እንደሚቀሩ ገመቱ። የድረ ገጹ ቁጥር በማስታወቂያውና በማቆሙ መካከል ያለ መንገድ ነው። መንገዱ መካከል ላይ የሚጠፋ ሰው ሊኖር ይችላል፤ እኔም አንድ ጊዜ ሲጠፉ አይቻለሁ።

ከዓመታት በኋላ በሌላ ሥራ ላይ ስለ ሳንባ ነቀርሳ ማታ ማታ የሚተላለፍ የሬዲዮ ዝግጅት ነበረን። በዚህ ጊዜ ደብተሩ ነበረን፣ መነሻውም ነበረን፣ ዝም ያልንበት ሳምንትም ነበር። ሬዲዮው እንደሚሠራ ምንም አላጠራጠረንም። ዝግጅቱ ባለቀ በደቂቃዎች ውስጥ ሰው ይገባል፤ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ይቀጥላል። አብዛኛው የሚሄደው መድኃኒቱ ስለሚያስከትለው የጎንዮሽ ጉዳት ወደሚናገረው ገጽ ነበር። ግን በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይወጣል። አንዱን ርካሽ ስልክ ወስደን በደካማ ኔትወርክ ራሳችን ከፈትነው። ከላይ ትልቅ የሕንፃ ፎቶ አለ፤ ከሥሩ የፒዲኤፍ ሰነድ፤ መልሱ ሰነዱ ሦስተኛ ገጽ ላይ ነው። በጨለማ ውስጥ ሽንቱ ቀልቶ የደነገጠ ሰው እስከዚያ አይደርስም። ፎቶውን አነሣን፣ ሰነዱን አነሣን፤ በምትኩ በትልልቅ ፊደል ይህን ጻፍን፦

«ሽንትዎ ወደ ቀይ ወይም ወደ ብርቱካንማ ቀለም ከተለወጠ አይደንግጡ፤ ሪፋምፒሲን ከሚባለው መድኃኒት የመጣ ነው፣ ጉዳት የለውም። መድኃኒቱን አያቋርጡ። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።»