መዝገቡ አይፋቅም፤ ሚዛኑስ?

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ብሎክቼይን ናቸው።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ ብሎክቼይንና ቢትኮይን አንድ ናቸው?

አይደሉም። ብሎክቼይን ብዙ ሰዎች እኩል የሚይዙት፣ አንዴ የተጻፈበት የማይፋቅ መዝገብ ነው፤ ቢትኮይን በእንዲህ ያለ መዝገብ የሚሠራ ገንዘብ ነው።

መብራት አይፈጅም ወይ?

ቢትኮይን በጣም ይፈጃል። ኢቴሪየም የተባለው ሌላ ብሎክቼይን ግን እ.ኤ.አ. በ2022 አሠራሩን ቀይሮ ፍጆታውን ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል።

ሌላው ጠያቂ በአጋሮ አካባቢ የገበሬዎች ማኅበር ሒሳብ ያዥ ናቸው። አንድ ድርጅት መጥቶ «የአባሎቻችሁን ማሳ እንመዝግብ፣ ቡናችሁ ብሎክቼይን ላይ ይግባ፣ የውጭ ገዢ የተሻለ ይከፍላል» ብሏቸዋል። ያዋጣናል ወይ ይላሉ።

የማሳ ምዝገባው የሚቀር አይመስለኝም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው ሕግ፣ ከ2020 ማብቂያ በኋላ ደን ተመንጥሮ በለማ መሬት የተመረተ ቡና ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። የማሳው መገኛም ይጠየቃል፤ ለትንንሽ ማሳዎች በካርታ ላይ አንድ ነጥብ ይበቃል። «በብሎክቼይን መዝግቡ» የሚል ግን ሕጉ ውስጥ የለም። «ግዴታ ነው» ብሎ ማንም እንዳያስፈርማችሁ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ብሎክቼይን የተጻፈውን ይጠብቃል፤ የተጻፈው እውነት ይሁን ውሸት ግን አያውቅም። እሸት ቡና የሚመዘንበትን ሰዓት አስቡት። መሽቷል፣ ሰልፉ ረዝሟል። ገበሬዋ ጆንያዋን ሚዛን ላይ ታወጣለች፣ መዛኙ ቁጥር ይጠራል፣ ጸሐፊው ይጽፋል። 23 ኪሎው 21 ተብሎ ከተጻፈ ስሕተቱም አብሮ ይቆለፋል። ያኔ መዝገቡ አለመፋቁ የሚጠቅመው የበደላትን ሰው ነው።

ስለዚህ ድርጅቱን አፋጥጡት። ገበሬዋ ኪሎዋንና ዋጋዋን እዚያው፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በእጇ ታገኛለች? ስሕተት ሲገኝ ማረሚያ የሚያስገባው ማነው? የተሻለው ዋጋ ውል ላይ ሰፍሯል ወይስ የአፍ ነው? ድርጅቱ ቢዘጋስ የማሳዎቹ መረጃ ማን እጅ ይቀራል? መልስ ከሌለው አትፈርሙ። ካለው ግን ግቡበት። ማኅበሩ፣ ዩኒየኑና ገዢው በማይተማመኑበት ንግድ ሁሉም እኩል የሚያየው መዝገብ ትልቅ ነገር ነው። ውሉን ጠበቃ ቢያየው ጥሩ ነው።

የዕድር ጸሐፊ፣ ከሂርማታ፦ የዕድራችንን ሒሳብ እናስገባው?

አያስፈልጋችሁም። ደረሰኝ፣ ደህና መዝገብና በሦስት ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይበቃል። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በዮርዳኖስ የስደተኛ ካምፖች ብሎክቼይን የተጠቀመው ስደተኞች በዓይን ስካን ሱቅ ሲገበዩ የብዙ ሰው ክፍያ ለመመዝገብና የባንክ ወጪ ለመቀነስ ነው። የእናንተ ችግር ያ አይደለም።

አንዲት እናት፦ ልጄ «ዛፍ የሚተክል ኮይን» ተብሎ በቴሌግራም 20 ሺህ ብር ላከ። ሰው ካመጣ ይጨመርለታል። አሁን ለማውጣት ሌላ 5 ሺህ ክፈል አሉት።

እናቴ፣ እንዳይከፍል! ይህ ማጭበርበር ነው፤ ዛፉም የለም፣ ኮይኑም የለም። ዛሬውኑ ባንክ ሄዳችሁ አመልክቱ፣ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ። ነገ አትበሉ፤ ገንዘቡ ከተላከበት ሒሳብ ከወጣ ማስመለሱ በጣም ይከብዳል። የላከበትን ደረሰኝና የቴሌግራሙን መልእክት እንዳያጠፋ። ጓደኞቹንም ጋብዞ ከሆነ አሁኑኑ ይንገራቸው። እባክዎ አይቆጡት፤ ካፈረ የቀረውን ይደብቅብዎታል።