ያለ ሞተር ከበረዶው ግግር በላይ

ስዊዘርላንድ ከመጣሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰባት በጋ ኤንጋዲን ሸለቆ ውስጥ ሆቴል ሠርቻለሁ። አልጋ አንጥፌ መስኮት ስከፍት ክንፋቸው የረዘመ ነጫጭ ግላይደሮች፣ ማለትም ሞተር የሌላቸው አውሮፕላኖች፣ ድምፅ ሳያሰሙ ተራራው ላይ ሲዞሩ አያለሁ። "ይሄ የሀብታም ነገር ነው" እልና ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። አልነበረም። ብዙዎቹን የሚያበሯቸው በሳምንቱ ሌላ ሥራ ያላቸው የክለብ አባላት ናቸው። ብዙ ክለቦች እንግዳም ይጭናሉ።

እናንተም በግላይደር መብረር ከፈለጋችሁ፣ ጀርመንኛ በሚነገርበት አገር "ዜግልፍሉግ" ብላችሁ ጠይቁ። ፈረንሳይኛ በሚነገርበት ደግሞ "ቮል አ ቯል" ነው። ሂሳቡ በአብዛኛው የሚታሰበው በደቂቃና በምትጎተቱበት ከፍታ ስለሆነ ጠቅላላውን ቀድማችሁ ጠይቁ። ተሳፋሪን የሚሸፍን ኢንሹራንስ እንዳላቸውም ጠይቁ። ይሉኝታ አይያዛችሁ፤ እነሱም ይህን ጥያቄ ለምደውታል።

አንዳንድ ቦታ ግላይደሩ የሚነሳው በዊንች ነው፤ መሬት ላይ ያለ ሞተር ገመዱን እየጠቀለለ ይጎትተዋል። እኔን ግን ትንሽ ባለሞተር አውሮፕላን በገመድ ጎትታ ነው ያወጣችን። ከፍታ ላይ ስንደርስ አብራሪው ገመዱን ለቀቀው። ከዚያ ዝምታ። ልቤ ቀጥ ያለው እዚያ ላይ ነው። ግን ግላይደር ሞተር ስለሌለው ብቻ አይወድቅም። ጥሩ ግላይደር ከ1 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ በረጋ አየር፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል እየተንሸራተተ መሄድ ይችላል። በዚያ ላይ ፀሐይ የመታችው ቋጥኝ አየሩን ያሞቀዋል፤ የሞቀው አየር ሽቅብ ይወጣል። አብራሪው ያንን ፈልጎ ውስጡ እየዞረ ከፍ ይላል። ከፍ ስትሉ ቲት ቲት የሚል መሣሪያ አለ። ድምፁ አያስደንግጣችሁ፣ የምሥራች ነው።

አሞራም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ አጥንት ከሰማይ ለቆ ድንጋይ ላይ የሚሰብረውን ትልቁን አሞራ አይታችሁት ይሆናል። ኤንጋዲንም አለ። አልፕስ ላይ ሰው ጨርሶ አጥፍቶት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ነው መልሰው የለቀቁት፤ እዚሁ ኤንጋዲን ያለው የስዊስ ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ በ1991 ተቀበለው። አብራሪው በጣቱ ሲያሳየኝ እንባዬ መጣ። የአገሬ ወፍ ነበር የመሰለኝ።

የተነሳነው ኤንጋዲን ካለው የሳሜዳን አየር ማረፊያ ነው። ሜዳው 1,707 ሜትር ላይ ነው። ከአውሮፓ ከፍተኛ አየር ማረፊያዎች አንዱ ሲሆን ከአዲስ አበባ ግን ዝቅ ይላል። በ1948 የዓለም የግላይደር ሻምፒዮና የተካሄደው እዚያ ነበር። ፊት ለፊታችሁ የፒትስ በርኒና ተራራ አለ፣ 4,049 ሜትር። ራስ ዳሽን ይበልጠዋል፤ ግን እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን በረዶው አይከርምም። እዚህ ተከምሮ፣ በራሱ ክብደት ተጨምቆ፣ እንደ ወንዝ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከላይ ስታዩት ስንጥቆቹ ሰማያዊ ናቸው።

አሁን ዋናውን ምክር ልንገራችሁ። ሆዳችሁን ባዶ አድርጋችሁ አትብረሩ። ጥሩው የመብረሪያ ጊዜ በጋው ነው፤ ፍልሰታ ደግሞ ከኦገስት 7 እስከ 21 ይውላል። ግላይደር ሲዞር ራስም ይዞራል፤ ባዶ ሆድም ጠግቦ መብላትም ያስመልሳል። ጿሚ ከሆናችሁ ጁላይ ላይ ያዙ። በበረራው ቀን ቀለል ያለ ነገር ቅመሱ፣ ውኃ ጠጡ። ካቅለሸለሻችሁ ቶሎ ተናገሩ፣ አድማሱን ተመልከቱ። አብራሪው መዞሩን ያቆማል እንጂ አይቆጣም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ረፋዱ ላይ ሂዱ። ማለዳ አየሩ የረጋ ነው፣ ግን የሚያወጣ ሙቀት ስለሌለ በረራው ያጥራል። ከሰዓት በኋላ ኤንጋዲን ላይ የማሎያ ነፋስ የሚባለው የሸለቆ ነፋስ ይነሳል፤ ማረፊያው ላይ ያንገጫግጫል። የአየር ጠባዩ ካልሆነ ይሰርዛሉ። ስለዚህ የማይመለስ የባቡር ትኬት አትቁረጡ፣ ጠዋት ደውሉ።

የፀሐይ መነጽርና ሰፊ ጠርዝ የሌለው ኮፍያ ያዙ፤ መስታወቱ ሥር ፀሐዩ ያቃጥላል። ክብደታችሁን እውነቱን ተናገሩ፣ የአውሮፕላኑ ሚዛን በዚያ ነው የሚታሰበው። ፓራሹት ያስታጥቋችኋል፤ ልማድ ነው። ጉንፋን ከያዛችሁ ጆሮ ስለሚጎዳ ለሌላ ቀን አዛውሩት። የልብ ሕመም ካለባችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አትውጡ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ ጉዞውን አታዘግዩ። የስዊዘርላንድ የበረዶ ግግር በ2022 እና በ2023 ብቻ፣ በሁለት ዓመት፣ መጠኑ 10 በመቶ ቀንሷል። እኔ ያየሁት የሞርቴራች የበረዶ ግግር ምላስ፣ ማለትም የታችኛው ጫፉ፣ ግራጫ ሆኗል። ከላይ ስታዩት በረዶው የተወው ሸለቆ ራቁቱን ነው።

ከበረራው በኋላ ቀኑን አታባክኑት። ቀዩን ባቡር ይዛችሁ ሞርቴራች ጣቢያ ውረዱ። ወደ በረዶው የሚወስደው የእግር መንገድ ላይ የበረዶው ጫፍ በየዘመኑ የት እንደነበር የሚያሳዩ ምልክቶች ቆመዋል። ከልጃችሁ የትውልድ ዓመት ጋር የሚቀራረበውን ፈልጉ። ከዚያ እስከ በረዶው ያለውን መንገድ እጁን ይዛችሁ አብራችሁ ተራመዱት።