ፋይሉን ሳትጭኚ ከዳታቤዙ ጋር ማመሳከር

ጥያቄ፦ «በየቀኑ የደንበኞች ክፍያ ዝርዝር በሲኤስቪ ፋይል (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ የጽሑፍ ሰንጠረዥ) ይላክልኛል። የሽያጭ መዝገባችን ያለው ፖስትግሬስ የሚባል ዳታቤዝ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ፋይሉን ጊዜያዊ ቴብል ላይ እየጫንኩ በስልክ ቁጥርና በቀን አመሳክራለሁ። ግማሹ ክፍያ አይገጥምልኝም። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ መጫኑን ተዪው። ዳክዲቢ የሚባለውን የዳታቤዝ ፕሮግራም አውርጂ። ነጻ ነው፣ ሰርቨር አይፈልግም፣ ላፕቶፕሽ ላይ ይሠራል። በአታች ትእዛዝ ከፖስትግሬሱ ጋር ታገናኚዋለሽ። ሲኤስቪውን ደግሞ በሪድ ሲኤስቪ ካለበት ፎልደር እንደ ቴብል ያነብልሻል። ከዚያ ሁለቱን በአንድ ጥያቄ (ኩዌሪ) ጆይን ማድረግ፣ ማለትም የሚገጥሙትን መስመሮች ማጣመር ነው። ስታገናኚ ግን «ሪድ ኦንሊ» ብለሽ ይሁን፤ የሰው ሂሳብ ያለበት ዳታቤዝ ነውና በስህተት እንዳትነኪው።

ዋናው ጣጣ አለመግጠሙ ነው። መሣሪያ ብትቀይሪም ይከተልሻል።

መጀመሪያ ስልኩን እዪ። ዳክዲቢ የዓምዱን ዓይነት ራሱ ይገምታል፤ ለመገመት የሚያየው ናሙና ካልነገርሽው በቀር 20,480 መስመር ነው። 0911 ብሎ የሚጀምረውን ስልክ ተራ ቁጥር ነው ብሎ ዜሮዋን ይጥላታል። ኤክሴልም እንደዚያው ነው፤ ፋይሉን «ልየው» ብለሽ ከፍተሽ ሴቭ ካደረግሽው ዜሮዋ ሄደች። ዳታቤዙ ደግሞ 251911 ብሎ ይዞት ይሆናል። ስለዚህ «ኦል ቫርቻር» የሚለውን የሪድ ሲኤስቪ ምርጫ አብሪና ሁሉም ዓምድ በጽሑፍነቱ ይነበብ። ከዚያ ከሁለቱም ወገን የመጨረሻዎቹን 9 አሃዞች ብቻ ወስደሽ አመሳክሪ።

ቀኑ ይብሳል። እኔን አንድ ጊዜ ሙሉ ማታ አስቀምጦኛል። ፋይሉ 30/06/2017 ይላል። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 30 ነው፤ በፈረንጁ ማርች 9፣ 2025። ኮምፒውተሩ ግን ጁን 30፣ 2017 ብሎ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ያነቃኝ 30/02 የሚል መስመር ነው። ጥቅምት 30 አለን፣ ፌብሩዋሪ 30 ግን የለም፤ እዚያ ላይ ስህተት አወጣ። ጳጉሜም እንደዚያው ታጋልጣለች፣ 13ኛ ወር የት ይገኛል? መፍትሔው ቀላል ነው፦ የሁለቱን አቆጣጠር ቀኖች ጎን ለጎን የያዘች ትንሽ ፋይል አዘጋጂና እሷንም በጥያቄው ውስጥ ጆይን አድርጊያት።

አንድ ደንበኛ በቀን ሁለቴ ሊከፍል ስለሚችል የብሩን መጠንም ጨምሪበት። የክፍያ መለያ ቁጥር ሁለቱም ጋ ካለ ግን ሌላውን ሁሉ ትተሽ በእሱ አመሳክሪ።

ያልገጠሙትን ብቻ ለማየት «አንቲ ጆይን» (በሌላው ወገን አቻ ያጡትን መስመሮች ብቻ የሚያወጣው) ይበቃሻል። የሽያጭ ቴብሉ ትልቅ ከሆነ የምትፈልጊውን ወር ብቻ አስቀድመሽ ወደ ዳክዲቢ ቅጂው፤ አለበለዚያ ጥያቄሽን ባሻሻልሽ ቁጥር ሰርቨሩን ታጨናንቂዋለሽ፣ ካሸሮቹም ይጮሁብሻል።