ለኮሌጅ ኤሴይ 800 ዶላር አትክፈይ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅሽ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ገብቷል። ለኮሌጅ ማመልከቻ ኤሴይ፣ ማለትም ስለ ራሱ የሚናገር አጭር ጽሑፍ፣ መጻፍ አለበት። አንድ ሰው «በ800 ዶላር እኔ እጽፍለታለሁ» ብሎሻል። አንቺ ደግሞ «እንግሊዝኛዬ እሱን ለመርዳት አይበቃም፣ ልክፈል ወይ?» ብለሻል። እኔ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ሦስት ልጆቼ በዚህ መንገድ አልፈዋል። ከዚያ ወዲህም ትምህርት በተከፈተ ቁጥር ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈራችን ልጆች ጋር ለዚሁ ጉዳይ እቀመጣለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ብሩን አትክፈይ። ልጁ ማመልከቻውን ሲልክ «ይህ የራሴ ሥራ ነው» ብሎ ይፈርማል። ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች የሚቀበሉት የጋራ የማመልከቻ ቅጽ ኮመን አፕ ይባላል፤ በእሱ ደንብ የሌላ ሰውን ጽሑፍም ሆነ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ያወጡትን የራስ አስመስሎ ማቅረብ ማጭበርበር ነው። ከተደረሰበት ያገኘውን ቦታ ሊያጣ ይችላል። ይሄ ባይኖር እንኳ ሰውየው ልጅሽን አያውቀውም። የማያውቁትን ልጅ እንዴት አድርገው ይጽፉታል?

እኔም በመጀመሪያ ልጄ ተሳስቻለሁ። ለማንም አልከፈልኩም፣ ግን ራሴ ገባሁበት። ማታ ከሥራ ስመለስ የጻፈውን እየከፈትኩ አርም ነበር። ቀላሉን ቃል በከባድ ቃል ቀየርኩ። ስለ ታናሽ እህቱ ያስገባትን የምታስቅ ነገር አወጣሁበት። አሳመርኩለት ብዬ ነበር። የእንግሊዝኛ መምህሩ አነበበችና «እዚህ ውስጥ ያለውን ልጅ አላውቀውም» አለችው። ቤት መጥቶ ነገረኝ፣ ላፕቶፑን ዘጋ፣ ወደ ክፍሉ ገባ። ማመልከቻው ለሚዘጋበት ለኖቬምበር 1 የቀረው አሥር ቀን ነበር። እንደ አዲስ ጀመረ። ያን ዕለት የተሰማኝን እስካሁን አልረሳሁትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የእኛ ልጆች ችግር እንግሊዝኛ አይደለም። አብዛኞቹ ከእኛ ይልቅ በእንግሊዝኛ ነው የሚያስቡት። ችግሩ አስተዳደጋቸው ነው። ራስን ማወደስ ነውር ነው ብለን አሳድገናቸዋል። የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም ብለናቸዋል። ይሄ ኤሴይ ደግሞ ሁለቱንም ነው የሚጠይቃቸው። «እኔ» በል ይለዋል፣ ቤትህ ውስጥ የሆነውን ተናገር ይለዋል። ልጁ ይጨነቅና ማንንም የማያስቀይመውን ይጽፋል። ወላጆቼ ከኢትዮጵያ መጡ፣ ብዙ መሥዋዕትነት ከፈሉ፣ እኔም ሐኪም ሆኜ ውለታቸውን እመልሳለሁ። ሁሉም እውነት ነው። ግን እንዲህ የሚጀምር ጽሑፍ በየዓመቱ ደጋግሜ አነባለሁ። አንዱ ልጅ አባቱ ሱዳን እንዴት እንደገባ ጽፎ የተፈቀደለትን 650 ቃል ሊጨርስ ሲል ነው ራሱ ብቅ ያለው። የአባትየው ታሪክ ልብ ይነካል። ዩኒቨርሲቲው የሚያስገባው ግን አባትየውን አይደለም።

ባለፈው ዓመት የመጣችውን ልጅ ልንገርሽ። እናቷ ቤት ውስጥ እንጀራ ትጋግራለች። የመጀመሪያው ረቂቋ ስለ እናቷ ጥንካሬ ነበር። እሷ የለችበትም። «እናትሽ ስትጋግር አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት። «ምንም» አለች። ትንሽ ቆይታ «ሊጡን ነው የማየው» አለችኝ። እንዴት ነው የምታዪው ስላት ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ክረምት ላይ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ሊጡ ኩፍ አይልም። እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ደንበኛው ይመልሰዋል። እሷ ታዲያ ማታ ማታ የወጥ ቤቱን ሙቀት፣ የተቦካበትን ሰዓት፣ የእርሾውን መጠን፣ አብሲት የተጣለበትን ሰዓት መዝግባ ትይዛለች። ከዲሴምበር እስከ ማርች። ባልዲውን ማሞቂያው ሥር ስታደርገው አንድ ጎኑ ብቻ ይነሳል። በብርድ ልብስ ጠቅልላ ራቅ ስታደርገው ግን እኩል ይሆናል። ይሄን ማንም አላዘዛትም።

ኮሌጅ ገብታ ማጥናት የምትፈልገው ኬሚስትሪ ነው። «ታዲያ ይሄስ ምንድነው?» አልኳት። «ይሄማ ቤት ውስጥ የምንሠራው ነው» አለች። እንደማይቆጠር ነገር ነው ያየችው። ሌላም ነገር ነበረባት። እናቷ ኑሯቸውን ሰው እንዲያውቅባቸው አትወድም። ስለዚህ ቤት ሄዳ እንድትጠይቅ ነገርኳት። እናትየው ትንሽ ዝም አለችና «ጻፊው» አለቻት። ሦስተኛው ረቂቅ «ጃንዋሪ 14፣ 61 ዲግሪ ፋራናይት፣ ሊጡ ሞቷል» ብሎ ጀመረ። እናትየው እዚያው ውስጥ አለች። እጇ በሊጥ እንደተለወሰ በሩ ላይ ቆማ «ዛሬስ እንዴት ነው?» ትላታለች። ስለ ጥንካሬዋ አንድም ቃል አልተጻፈም፣ ግን ይታያል።

ለዚህ ነው እንግሊዝኛሽ አያስፈልግም የምልሽ። ከአንቺ የሚፈለገው ፈቃድ ነው። እሑድ ቡና ስታፈሊ አስቀምጪውና «የቤታችንን ነገር መጻፍ ትችላለህ» በይው። በግልጽ በይው፣ ካላልሽው አይደፍርም። እንዲወጣ የማትፈልጊው ነገር ካለም፣ ሕመም ይሁን የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ ይሁን፣ ያኔውኑ ንገሪው። የሌላ ሰው ምስጢር ከሆነ ባለቤቱ ይጠየቅ።

ከዚያ አንቺ የምታውቂውን ንገሪው። እሱ ራሱን አያይም፣ አንቺ ግን 17 ዓመት ሙሉ አይተሽዋል። ማንም ሳያዘው የሚሠራው ምንድነው? ምን ሲበላሽ ነው አንተ ና የምትሉት? የትኛውን ነገር ሲያወራ ነው ምግቡ የሚቀዘቅዝበት? በአማርኛ ጠይቂው፣ እሱ እየቀላቀለ ይመልስልሽ፣ ስልኩ ይቅዳው። ብዙ ጊዜ ጥሩው አረፍተ ነገር እዚያ ቅጂ ውስጥ ነው የሚገኘው። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ የሚያመልጣቸው እሱ ነው። የእኔ ሁለተኛ ልጅ ደግሞ ፊት ለፊት ሲጠይቁት አያወራም። መኪና ውስጥ ግን፣ ዓይኔ መንገድ ላይ ሲሆን፣ ሁሉን ነገር ያወራል።

«ከፍርድ ቤቱ ውሳኔ በኋላ ስለ ኢትዮጵያዊነቱ መጻፍ አይችልም ይባላል» ያልሽው ልክ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2023 የከለከለው ኮሌጆች ዘርን ራሱን እንደ ነጥብ ቆጥረው ለአመልካች ብልጫ እንዳይሰጡ ነው። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ እዚያው ውሳኔ ላይ፣ ዘር በአመልካቹ ሕይወት ላይ ምን እንዳመጣ ተማሪው ራሱ ሲጽፍ ኮሌጆች ሊያዩት እንደሚችሉ ጽፈዋል። ዋናው ነገር ከልጁ ጠባይ ወይም ችሎታ ጋር መያያዙ ነው። «ኢትዮጵያዊ ነኝ» ብሎ ቢያቆም ምንም አይነግራቸውም። በኢትዮጵያዊነቱ ምን ገጠመው፣ ምን አደረገ? እሱን ይጻፍ።

ብዙ ቤተሰብ የሚዘነጋው ደግሞ ኤሴዩ ሳይሆን ልጁ ከክፍል ውጭ የሚሠራውን የሚሞላበት የእንቅስቃሴዎች ዝርዝር ነው። ኮመን አፕ ላይ አሥር ቦታ አለው፣ ለእያንዳንዱ መግለጫ 150 ፊደል ይፈቅዳል። ልጆቻችን ክለብና ስፖርት ከሌላቸው ባዶውን ይተዉታል። አንድ ልጅ ሦስት ብቻ ሞልቶ መጣ። ሲጠየቅ ወላጆቹ ማታ ስለሚሠሩ በየቀኑ ሁለት ታናናሾቹን ከትምህርት ቤት ያመጣል፣ ያበላል፣ የቤት ሥራቸውን ያሠራል፣ ያስተኛል። ይሄን አልጻፈም፣ ምክንያቱም «ግዴታዬ ነው» አለ። ቅጹ ላይ እኮ የቤተሰብ ኃላፊነት የሚል ምድብ አለ! ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራም የራሱ ምድብ አለው። ልጅሽ ቅዳሜ ሱቅ የሚሠራ ከሆነ፣ አያቱን ሐኪም ቤት እየወሰደ የሚያስተረጉም ከሆነ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነ ቆጥራችሁ አስገቡት።

የቃሉን ልክና ቀኖቹን ቶሎ ልበልሽ። ዋናው ኤሴይ ቢያንስ 250፣ ቢበዛ 650 ቃል ነው። ከተሰጡት ጥያቄዎች አንዱን ይመርጣል፣ አንዱ «የፈለግከውን ጻፍ» ነው። ቀድሞ ማመልከት ከፈለገ ብዙ ኮሌጆች ኖቬምበር 1 ይዘጋሉ፣ ለመደበኛው ብዙዎቹ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩሲ) ሥር ያሉት፣ እነ ዩሲኤልኤና በርክሌይ፣ የራሳቸው ቅጽ አላቸው። ከስምንት ጥያቄዎች አራት መርጦ ለእያንዳንዱ እስከ 350 ቃል ይጽፋል። «ለምን የኛን ኮሌጅ መረጥክ?» የሚሉም አሉ። እዚያ ላይ የኮሌጁን ስም ብትቀይሪው ለሌላውም የሚሠራ ከሆነ ገና አልጻፈውም ማለት ነው። ለማመልከቻ ክፍያው አቅም ከሌላችሁ የትምህርት ቤቱን አማካሪ ጠይቁ፣ ነጻ የሚሆንበት መንገድ አለ። አማካሪዎቹ ብዙ ተማሪ ስላለባቸው አሁኑኑ ቀጠሮ ይያዝ።

ረቂቁ ሲያልቅ ጮክ ብሎ ያንብብልሽ። ቃሉ ሁሉ ባይገባሽ ምንም አይደለም። ድምፁ የራሱ መሆኑን ከማንም በላይ አንቺ ታውቂያለሽ። የሰለቸሽ ቦታ ላይ «እዚህ ጋ ጠፋብኝ» በይው፣ ደስ ያለሽ ቦታ ላይ «ከዚያስ?» በይው። እስክሪብቶ ግን አታንሺ። እኔ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ስቀመጥ እጄን ጠረጴዛ ሥር ነው የማደርገው። ሰዋስው የሚያይለት መምህር ትምህርት ቤቱ ውስጥ አለለት፣ አንድ ሰው ይበቃል። አምስት ሰው ካረመው ተመልሶ የማንም ያልሆነ ጽሑፍ ይሆናል። ደግሞ በመጨረሻው ቀን ሌሊት አይላከው። ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ይላከውና ልጁ ይተኛ።