«ያልተገለጸ» ተብሎ የተጻፈባት እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሦስቴ አነበብኩት። «ሁለት ዓመት ተመላልሼ በመጨረሻ ወረቀቴ ላይ ‹ያልተገለጸ የስብዕና መታወክ› ተብሎ ተጻፈ። ሐኪሙ አላወቀውም ማለት ነው? ወይስ የኔ ከሁሉም የባሰ ነው?» ብለሻል። ሁለቱም አይደለም። (የስብዕና መታወክ የሚባለው ሰው ራሱን የሚያይበትና ከሰው ጋር የሚኖርበት መንገድ ለረጅም ጊዜ ሲያስቸግረው ነው።) እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን የዚችን ወረቀት ታናሽ ወንድም ይዤ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁና የገባኝን ልንገርሽ። ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ የተሰጠኝ ስም ድባቴ ነበር። ውሸት አይደለም፣ ድባቴም ነበረኝ። ድባቴው ሲለቀኝ ግን እኔ ያው እኔ ነኝ። ሰው ሲቀርበኝ እሸሻለሁ፤ ሲሸሸኝ ደግሞ አብዳለሁ። ሁለተኛው ሐኪም «ቦርደርላይን ሳይሆን አይቀርም» አለኝ፤ ስሜቱ በኃይል የሚዋዥቀውና መተውን አጥብቆ የሚፈራው ዓይነት ማለቱ ነው። ሦስተኛዋ «የለም፣ ይሄ አቮይዳንት ነው» አለች፤ ትችትና መናቅን ፈርቶ ከሰው የሚርቀው ዓይነት ማለቷ ነው። አራተኛው ሁለቱንም ሰረዘና «ሌላ የተገለጸ የስብዕና መታወክ» ብሎ ጻፈ። ያን ቀን ከቢሮው ስወጣ የተሰማኝን አልረሳውም። ቤት ስታስተካክይ የትም አልገባ ያለውን ዕቃ የምትወረውሪበት ካርቶን አለ አይደል? እዚያ ውስጥ የተጣልኩ መሰለኝ።

ንዴቴ የበረደው አቆጣጠሩን ሳውቅ ነው። ብዙ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች ማኅበር መመሪያ፣ ዲ.ኤስ.ኤም-5 የሚባለው፣ አሥር የስብዕና መታወክ ዓይነቶችን ይዘረዝራል። እያንዳንዱ የራሱ የምልክት ዝርዝርና የማለፊያ ነጥብ አለው። ፈተና በይው። ቦርደርላይን ለመባል ከ9 ምልክቶች 5 ያስፈልጋል። ለአቮይዳንት ከ7ቱ 4። «ሁሉ ነገር እንከን የለሽ ካልሆነ» ብሎ ራሱንም ሰውንም የሚያስጨንቀው ኦብሰሲቭ ኮምፐልሲቭ ስብዕና ደግሞ ከ8ቱ 4። (ይሄኛው ደጋግሞ እጅ ከማጠብ ጋር ከሚነሳው ሕመም ጋር በስም ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ነገር ነው።) እኔ ከመጀመሪያው 4 አለኝ፤ ከሁለተኛው 3፤ ከሦስተኛውም 3። ሦስቱንም በአንድ አንድ ነጥብ ወደቅሁ! ግን እስቲ ደምሪው። አሥር ምልክት ተሸክሜ ነው የወደቅሁት። ታዲያ ማን ደፍሮ «ምንም የለብህም» ይለኛል?

ስም ያገኘውም ሰው ቢሆን ያን ያህል ተገልጾ አላለቀም። ከ9ኙ 5 እና ከዚያ በላይ ማሟላት የሚቻልበትን መንገድ ብትቆጥሪ 256 ይሆናል። ሒሳብ የምትወዱ ሞክሩት። ሁለት ሰዎች ቦርደርላይን ተብለው በአንዲት ምልክት ብቻ ሊገናኙ ይችላሉ። ስለዚህ ስም አገኘሁ ብሎ የሚደሰተው ሰው ጋ ስትደርሺ ብዙም አትቅኚ። ባለሙያዎቹም ይህን ያውቁታል። በድሮው እትም «በሌላ መልኩ ያልተገለጸ» ይባል የነበረው ምድብ፣ ከስብዕና መታወኮች ሁሉ በብዛት ከሚጻፉት አንዱ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ብቻችንን አይደለንም፤ እንዲያውም ተጨናንቀናል።

አሁን ወደ ወረቀትሽ ልመለስ። ቃሉን በደንብ እዪው። «ሌላ የተገለጸ» እና «ያልተገለጸ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሲጻፍ ሐኪሙ ለምን ከአሥሩ አንዱን እንዳልመረጠ አብሮ ያስቀምጣል። ለምሳሌ የኔ ላይ «የተቀላቀሉ የስብዕና ባሕርያት» የሚል ተከትሎታል። ሁለተኛው፣ ያንቺው፣ ምክንያቱ ሳይጻፍ ሲቀር ነው። ብዙ ጊዜ ገና በቂ መረጃ ስላልተሰበሰበ ነው እንደዚያ የሚጻፈው። ሁለት ዓመት ተመላልሰሽ «መረጃ አነሰ» ከሆነ ግን መጠየቅ መብትሽ ነው። ሳትፈሪ «ምን ቢታወቅ ነው የሚገለጸው?» በያቸው። አንዳንዴ ሐኪም ሲቀያየር ፋይሉን በወጉ ያነበበው ሰው ሳይኖር ይቀራል። በኔም ደርሷል፤ ሦስተኛዋ ሐኪም የሁለተኛውን ወረቀት አላየችውም ነበር። ከዚያ በኋላ የራሴን ደብተር መያዝ ጀመርኩ።

ሌላም የሚያጽናና ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው አይ.ሲ.ዲ-11 በሚባለው የበሽታዎች መለያ መዝገብ ውስጥ እነዚያን ስሞች ጠቅልሎ አነሳቸው። አሁን መጀመሪያ የሚጠየቀው «የትኛው ነው?» አይደለም፤ «ምን ያህል ነው?» ነው። ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ ይባላል። የሚመዘነውም ሰውየው ከራሱ ጋርና ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር ታይቶ ነው። ከዚያ የትኛው ባሕርይ እንደጎላ ይጨመራል፦ ቶሎ የሚረበሽ ስሜት፣ ከሰው መራቅ፣ ለሌላው ስሜት ግድ ማጣት፣ ሳያስቡ ማድረግ፣ ድርቅ ያለ ፍጹምነት። አንዱን ብቻ ወይም ሦስቱን መያዝ ይቻላል። ከድሮዎቹ ተርፎ እንደ ተጨማሪ ምልክት የቀረው የቦርደርላይን ብቻ ነው። በዚህኛው አቆጣጠር እኔ ትርፍ ዕቃ አይደለሁም። መካከለኛ ደረጃ፣ ሦስት ባሕርይ። አለቀ።

ይሄ ሁሉ ንባብ ግን አንዲት ቅዳሜን ያህል አልጠቀመኝም። የማማከር ክትትል ከጀመርኩ ሁለተኛ ወር ላይ ነበር። «እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ?» ብዬ ቴራፒስቴን ስነዘንዛት ባዶ ወረቀት አወጣችና «ስሙን ለጊዜው ተወው። ቅዳሜ ምን ሆነ?» አለችኝ።

ቅዳሜ የሆነው ይሄ ነው። ከጓደኛዬ ጋር ለአሥር ሰዓት ተቀጣጥረናል። ስምንት ሰዓት ላይ «ዛሬ አልተመቸኝም፣ ሌላ ቀን እናድርገው» የሚል መልእክት ላከ። ሆዴ ዱብ አለ። ሰለቸሁት፣ ሊተወኝ ነው አልኩ። ከዚያ መልስ መጻፍ ጀመርኩ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። «ችግር የለም» ልል አልኩና ደረቅ ሆነብኝ። «ምን ሆነህ ነው?» ልል አልኩና ልመና መሰለኝ። ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር ስቀያይር አርባ ደቂቃ ሄደ። በመጨረሻ «እሺ» ብዬ ላኩና ቁጥሩን ብሎክ አደረግኩት። ለሦስት ሳምንት። እሱ ምንም አላጠፋም እኮ።

ይህን ስነግራት እሷ በቀስት እያያዘች ትስላለች። ሆዴ ዱብ ያለበት፣ መተውን መፍራት። አርባው ደቂቃ፣ እንከን የለሽ መልስ ፍለጋ። ብሎኩ፣ ሳይንቁኝ መሸሽ። በአንድ አንድ ነጥብ የወደቅሁባቸው ሦስት ስሞች በአንዲት መልእክት ዙሪያ ተሰልፈው ቁጭ አሉ። አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ከዚያ እስክሪብቶዋን አርባው ደቂቃ ላይ አድርጋ «እዚህ ጋ መቁረጥ እንችላለን?» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕጌ አንድ ነው፦ ግምቴን እንደ ጥያቄ እጽፈዋለሁ፣ አንዴ ብቻ አነበዋለሁ፣ እልከዋለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ እንደዚህ የሠራልኝ ነገር የለም።

ስለዚህ ምክሬ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ስም ከመለመን ያለፈውን ሳምንት አንድ ጠብ፣ አንድ ሽሽት፣ ወይ አንድ ያበላሸሽውን ነገር በደንብ ጽፈሽ ሂጂ። ሰዓቱን ሳይቀር። እንደዚያ ይዘሽ ስትቀርቢ ሐኪሙም የሚይዘው ነገር ያገኛል።

መድኃኒትን በተመለከተ አጭር ነው። ለስብዕና መታወክ ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት የለም። የሚሰጠው አብሮ ላለው ድባቴ፣ ጭንቀት ወይም ለመሰለው ነው። እኔም ለድባቴው ወስጃለሁ፤ ጠቅሞኛል። ዋናው ሥራ ግን ንግግሩ ላይ ነው። ዲ.ቢ.ቲ የሚባለውን፣ ስሜትን መግራት የሚያስተምረውን የንግግር ሕክምና አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሻ ሊነሃን የቀረጸችው ራስን ለመግደል ለሚሞክሩና ቦርደርላይን ላለባቸው ሰዎች ነበር። እኔ ስሙ ባይኖረኝም ትምህርቱን ተምሬበታለሁ። ስሜት ሲፈላ የሚያበርድ ዘዴ ከ9 ስንት አመጣህ ብሎ አይጠይቅም። ደግሞ «ስብዕና አይለወጥም» የሚሉሽን አትስሚ። ቦርደርላይን የተባሉ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች አብዛኞቹ ከጊዜ በኋላ መስፈርቱን እንደማያሟሉ አሳይተዋል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። አንደኛ፣ ሌሊት ተነስተሽ ዝርዝር አታንብቢ። እኔ በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥሩንም ሆኜ፣ ሳይበቃኝ እህቴን ናርሲሲስት (ከራሷ በቀር ሰው የማይታያት) ብዬ አስለቅሻታለሁ። እስካሁን እየጠቀሰች ትስቅብኛለች። ሁለተኛ፣ ይሄ ነገር መቼ እንደጀመረ አስቢ። የስብዕና መታወክ ከጉርምስና ወይም ከወጣትነት መጀመሪያ አንስቶ በየቦታው የሚከተል ነገር ነው። በቅርቡ ከደረሰብሽ አደጋ ወይም ሐዘን በኋላ የመጣ ከሆነ ወይም ከመጠጥ ጋር የሚነሳና የሚተኛ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው፤ መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ሂጂ። ለዚያ ስም አያስፈልግም።

የቅዳሜው ጓደኛዬ አሁንም ጓደኛዬ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ቀጠሮ ሰረዘብኝ። ሆዴ እንደ ልማዱ ዱብ አለ። «ተቀይመኸኝ ነው ወይስ ሌላ ነገር?» ብዬ ጻፍኩ፣ አንዴ አነበብኩ፣ ላክሁ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መለሰ፦ «ኧረ ባክህ፣ ጥርሴን ላስነቅል ወረፋ ላይ ነኝ።»