ሞራ፣ እንባና ኮርኒያ፦ ስለ ዓይን ለጠየቃችሁን

በዚህ ሳምንት የመረጥኳቸው ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ዓይን ናቸው።

«የእናቴን ዓይን ሞራ ጋርዶታል። ጎረቤት ግን ሞራ የሚያሟሟ ጠብታ አለ ይለኛል። ልግዛላት?»

አይግዙ። ሞራ ዓይን ላይ የበቀለ ነገር አይደለም። የደፈረሰው ሌንሱ ራሱ ነው። ሌንስ ያለው ደግሞ ከብሌኑ ኋላ ነው። ብሌን ቀዳዳ ስለሆነ፣ ሞራው ሲበስል በዚያ በኩል ነጣ ብሎ ይታያል። መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው፤ የደፈረሰው ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል።

የዚህ ሌንስ አመጣጥ ሁሌም ይገርመኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጊ አውሮፕላን መስታወት ተሰብሮ ስብርባሪው ዓይናቸው ውስጥ የቀረ አብራሪዎች ነበሩ። መስታወቱ የፕላስቲክ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ስብርባሪው ዓይናቸውን እንዳላስቆጣው አስተዋለ። ከተመሳሳይ ፕላስቲክ ሌንስ አሠርቶ በ1949 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ለታካሚ አስገባ።

እባክዎ ቅጠል ጨምቀውም አይጨምሩባት። ሞራው ጋ አይደርስም፤ ከፊት ያለውን ኮርኒያ፣ ማለትም ብርሃን የሚያሳልፈውን የዓይን የፊት ሽፋን፣ ግን ሊያቆስለው ይችላል። ጠባሳ ከቀረበት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

«የዓይን ጠብታ ስጨምር ጉሮሮዬን ይመረኛል። ጤና ነው?»

ጤና ነው። መስታወት ፊት ቆመው የታችኛውን የዓይን ቆብ በአፍንጫ በኩል ትንሽ ገልበጥ ያድርጉት። ጠርዙ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ያያሉ። እንባ በእሷ ገብቶ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ስናለቅስ ንፍጥ የሚያስቸግረን ለዚህ ነው። ጠብታውም በዚያው ይሄዳል።

ስለዚህ ጠብታውን ጨምረው ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ በጣት ጫን አድርገው ለ2 ደቂቃ ያህል ይያዙ። ምሬቱ ይቀንሳል፤ መድኃኒቱም ዓይን ላይ ይቆያል። የግላኮማ (ብዙ ጊዜ ከዓይን ግፊት መጨመር ጋር የሚመጣና የዓይን ነርቭን የሚጎዳ ሕመም) ጠብታ የምትጠቀሙ ይህን በተለይ ልመዱት። ከጠብታዎቹ መካከል በአፍንጫ ወደ ደም ገብተው የልብ ምትን የሚያዘገዩ፣ አስም ያለበትን የሚያፍኑ አሉ።

«46 ዓመቴ ነው። ስልኬን ካላራቅኩ ማንበብ አቃተኝ።»

ሌንስዎ እየጠጠረ ነው። የቅርቡን ለማየት ወፈር ማለት ነበረበት፤ ከ40 በኋላ እንደ ድሮው አይታዘዝም። የማንበቢያ መነጽር ይበቃዎታል። ለመነጽሩ ሲሄዱ የዓይን ግፊትዎንም ይለኩ።

«ከሞትኩ በኋላ ዓይኔን መለገስ እፈልጋለሁ። ግን መነጽር አደርጋለሁ። ደግሞስ ፊቴ ይበላሻል?»

መነጽር አያግድዎትም። ለታካሚው የሚተከለው ኮርኒያ ብቻ ነው፤ መሐሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። የደም ሥር የለውም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የደም ዓይነት ማመሳሰል አያስፈልግም። ፊትዎም አይበላሽም፤ ለቀስተኛ ቢያይዎ ልዩነቱን አያውቀውም።

አዲስ አበባ ውስጥ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የዓይን ባንክ አለ፤ እዚያ ቃል መግባት ይችላሉ። ብቻ ለቤተሰብዎ ዛሬውኑ ይንገሩ። ኮርኒያው ከሞት በኋላ በሰዓታት ውስጥ መነሳት አለበት፤ ለባንኩ የሚደውሉትም እነሱ ናቸው።